ሙሽራውን ሊጠይቁ የሄዱ ሽማግሌዎች

ጎተራ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር ትናንት የሰርግ ድንኳን ሲተከል፣ ዝናብ የነካው ሸራ ሽታ እስከ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ሳያስፈቅደኝ ያደግኩበት ካዛንቺስ አደረሰኝ። ያለፈው ሁሉ ማር ነበር ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ የሰፈራችንን የጋራ መጸዳጃ ቤት አስታውሳለሁና። ያን ክረምት ግን ለማንም አልሰጥም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጎረቤታችን መምህር ዳዊት ሰርጉ ሊደርስ ሲል፣ ስለ ዴሞክራሲ አደባባይ ላይ በመናገሩ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ታሰረ። እጮኛው ሰናይት “ሰርጉ አይሰረዝም፤ ሙሽራውን አምጡልኝ” ብላ ሰፈሩን አፋጠጠችው። ሰልፍ ክልክል ነው። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ከድር፣ ልብስ ሰፊው ወሎዬ፣ መላ አመጡ፦ “ሴት ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ከተላከ፣ ወንድ ልጅ ለመጠየቅ የማይላክበት ምን ምክንያት አለ?”

ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው እስር ቤት ሄዱ። ኃላፊው ወንበር ቢስብላቸው እንደ ወጉ “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ። አዛውንት ቆመው እሱ በመቀመጡ አፍሮ ተነሣ።

“ምን ፈልጋችሁ ነው አባቶቼ?”

“ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን።”

“ሁለቱስ?”

“ሚዜዎቹ ናቸዋ!”

ኃላፊው ሳቁን ዋጥ አድርጎ “ለበላይ ልንገርና ሌላ ቀን ተመለሱ” አላቸው።

በቢሮ ቋንቋ ይህ “ሂዱልኝ” ማለት ነው። በሽምግልና ቋንቋ ግን የልጅቷ ቤተሰብ “ዘመድ እናማክር፣ ተመለሱ” ካለ ልጅቷ ተሰጥታለች። ጋሽ ከድር “ቀጠሮ ሰጡን!” እያሉ ሲመለሱ እልልታው ቡልጋሪያ ሰፈር ድረስ ተሰማ፤ ድንኳን ተተከለ፣ ጠጅና ብርዝ ተጣለ። ጋዜጣ አንባቢው እኔ “ኧረ ጋሽ ከድር፣ እምቢ ማለታቸው እኮ ነው” ብል፣ “አንተ ደግሞ መቼ ሽማግሌ ልከህ ታውቃለህ!” ብለው ሰፈሩን አሳቁብኝ።

እውነትም ተሳስተው ነበር፤ ግን የእኔ እውቀት ቤት ሲያስቀምጠኝ የእሳቸው ስህተት ሰፈሩን አስወጣ። “ቀጠሮ” ባሉት ቀን የሰፈሩ ግማሽ ተከተላቸው፤ ዳግም “ተመለሱ” ሲባሉ በተከታዩ ከበሮ ተጨመረ፣ እኔም አፍሬ ጭብጨባውን ተቀላቀልኩ። ጥበቃዎቹ “ሰልፍ ነው?” ይሉናል።

“ሰርግ ነው!”

“ሙሽራው የታለ?”

“እናንተ ጋ!”

ጠጁ ተጠጥቶ እንደገና እየተጣለ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ሦስቱም ተፈቱ። ዳዊት ከእስር ቤቱ በር በቀጥታ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ጋሽ ከድር ሱፉን በድሮው ልኩ ሰፍተውት ስለነበር የከሳው ሙሽራ ኮቱ ውስጥ ጠፋ፤ ሰናይት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ ማንም ከጭፈራው አላወጣትም።

ያ ሰፈር ፈርሷል። ትናንት ወርጄ ጥበቃውን “የማን ሰርግ ነው?” ብዬ ብጠይቀው “እኔ እንጃ ጋሼ፣ ድንኳኑን የተከሉት ተከራዮች ነገር ናቸው” አለኝ። ደረጃውን ወጥቼ ስመለስ፣ ለዓመታት ጎን ለጎን የኖርኩት የጎረቤቴ በር ፊት ለፊቴ ቆመ። ነገ ሰውየውን ቢወስዱት “ማንን ስጡን” ብዬ ነው የምጠይቀው?

አንኳኳሁ። ሰውየው ደንግጦ ከፈተልኝና ሶፋውን አሳየኝ።

“ስምዎን ሳይነግሩኝ አልቀመጥም” አልኩት።