ከዝርዝሩ ያስቀረሁት

ፋብሪካችን ሶፍትዌር ይግዛ ወይስ እኔ የሠራሁትን ያሳድግ ተብሎ ስብሰባ ከተቀመጠ በኋላ፣ የኔው የተጣለበትን ምክንያት በሰው ላይ እያላከክሁ ስራገም ኖሬያለሁ። "በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል" እላለሁ፣ ለሰማኝም ላልሰማኝም። መዳብ ያስመሰልሁት እኔ መሆኔን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ድሬዳዋ ውስጥ ባለ ብስኩት ፋብሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊ ነኝ። የፋብሪካው ምድጃ አይጠፋም፤ በዓል መጣ ጾም ገባ በቀን ሦስት ፈረቃ ይሠራል። ስቀጠር የፈረቃው ዝርዝር ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ እስክሪብቶ በእስክሪብቶ ላይ የተሠረዘበት ወረቀት ነበር። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ስድስት ወር የኮምፒውተር ኮርስ ወስጄ፣ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ እየሠራሁ እያፈረስሁ አንድ የፈረቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አወጣሁ። መልኩ አያምርም፤ አንዱ ቁልፍ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ ሁሉም ግራጫ። ግን ሰዎቼን ያውቃቸው ነበር።

በረመዳን የማታ ፈረቃ የደረሳቸው ሙስሊም ሴቶች ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ቤታቸው እንዲደርሱ በክርስቲያኖቹ ፋንታ ጠዋት ይገባሉ፤ ክርስቲያኖቹ ደግሞ የእነሱን ማታ ይይዛሉ። ስቅለትና የፋሲካ ዋዜማ ሲመጣ ውለታው ይመለሳል። ደንቡ ይህን አይፈቅድም፤ ማንም ከፈረቃው ውጪ አይሠራም ይላል። የፈረቃ ኃላፊው አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር። እኔም ከፕሮግራሙ ጥግ ላይ "በማን ፋንታ" የምትል ትንሽ ሳጥን ሠርቼ፣ ሊቀያየሩ ሲሉ እየመጡ ይነግሩኝና እመዘግብ ነበር። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት "ዘመናዊ ሲስተም ይግባ" የሚል ደብዳቤ መጣ። ሥራ አስኪያጁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልበደለኝም። "ያንቺ ከበቃን ለምን እንገዛለን? የሚሠራውን ሁሉ ጽፈሽ አምጪ" አለኝ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሠላሳ አንድ ነጥብ ጻፍሁ። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ እጄ ቆመ። "በማን ፋንታ" ብዬ ብጽፍ፣ ማን ፈቀደልሽ መባሌ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ተውኩት።

ሻጩ ከአዲስ አበባ መጣ። በድሬ ሙቀት ኮት ለብሶ፣ ላቡ አንገቱ ላይ እየወረደ፣ ሠራተኛ ሲገባ ጣቱን የሚያነብ ማሽንና ባለ ቀለም ስክሪን አሳየን። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከው የኮምፒውተር ባለሙያ የሱንና የኔን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የኔ የሚሠራውን ሁሉ የሱም ይሠራል፣ ያውም አሳምሮ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ይሄኛው የማይሠራው፣ ያንቺ የሚሠራው ነገር አለ?" አለኝ።

"የለም" አልሁ። ተገዛ።

አዲሱ ሲስተም በገባ የመጀመሪያው ረመዳን፣ ሁለት ብስኩት አሻጊዎች፣ አንዷ ሙስሊም የመጋላ ሰፈር፣ ሌላዋ ክርስቲያን የሳቢያን ሰፈር ልጅ፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ቢሮዬ መጥተው ፈረቃ መቀያየራቸውን ነገሩኝ። አዲሱ ሲስተም ይህን የሚመዘግብበት ቦታ የለውም። ላስጠነቅቃቸው ይገባ ነበር። አኩርፌ ነበር፤ የተገዛው ማሽን ሲሳሳት፣ አለቆቼም በኔ ላይ በመግዛታቸው ሲጸጸቱ ማየት ፈልጌ ነበር። "እሺ" ብዬ ሸኘኋቸው።

ማሽኑ ከፈረቃው ውጪ የመጣ ጣት አይቆጥርም። ሪፖርቱም በኔ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። በስድስተኛው ቀን የሁለቱም የስንብት ደብዳቤ መጣ፤ አምስት ተከታታይ ቀን ከሥራ ቀርተዋል ይላል። አምስቱንም ቀን ምድጃ አጠገብ ሲጋገሩ ነበር የዋሉት።

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን፣ የፈረቃ ኃላፊውንና እኔን ጠራን። ኃላፊው መሬት መሬት እያየ፣ "እኔ አላየሁም" አለ። የመጋላዋ፣ "ወላሂ እኔ ነኝ የለመንኳት" ብላ ስትጀምር የሳቢያኗ አቋረጠቻት።

"አቦ ተዋት፣ አትስማት። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ጾመኛ ናት፣ ልጆችም አሏት።"

ሥራ አስኪያጁ ግራ ገባው። "የቆየ አሠራር ከሆነ ለዋናው መሥሪያ ቤት እጽፋለሁ፣ ሁለቱም ይተርፋሉ" አለና ወደ እኔ ዞረ። "በድሮው ሲስተም እንዲህ ያለ መዝገብ አለ?"

የስድስት ዓመቱ መዝገብ ጠረጴዛዬ ሥር ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። አለ ብል፣ ታዲያ ለምን ከዝርዝሩ አስቀረሽው ይለኛል፤ ከዚያም የኔ ደብዳቤ ይከተላል። ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ።

"የለም" አልሁ።

የመጋላዋ በማስጠንቀቂያ አለፈች። የሳቢያኗ ሐሳቡ የኔ ነው ብላለችና ተባረረች።

በሳምንቱ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ልትወስድ መጣች። የምጽፈውም እኔው ነኝ። ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሳ እጽፋለሁ።

"ያ የድሮው መዝገብሽ ጠፋ አይደል?" አለችኝ፣ ለኔ አዝና።

"አዎ፣ አዲሱ ሲገባ ጠፋ።"

"እኔም እንደዛ ነው ያልኳት። ያቺ ጓደኛዬ አንቺን ስትራገም፣ አቦ ተዪ፣ ቢኖራት እሷ እኛን ትደብቀን ነበር? አልኳት።"

ደብዳቤው ላይ ማኅተም መትቼ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀብላ፣ እግዜር ይስጥሽ ብላኝ ወጣች።