ቀይ ክር የታሰረበት ድንጋይ

ዜናውን ያመጣው የውሃ ቦቴው ሾፌር ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ግማሹን በዓረብኛ ግማሹን በተሰባበረ አማርኛ፣ «የሐበሻው ልጅ ስም ኮሌጁ በር ላይ ተለጥፏል። ኒው ሀልፋ ከተማ ሄዶ ኳስ ሊጫወት ነው» አለና ቱቦውን መፍታት ጀመረ። እኔ ጀሪካኔን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። በእኛ ሰፈር ከውሃ ሰልፍ ላይ ጀሪካን ጥሎ የሚሮጥ ሰው ወይ ቤቱ ተቃጥሎበታል ወይ አእምሮው ተነክቷል። ሴቶቹ «ምን ሆነች ይቺ?» ሲባባሉ ከኋላዬ ሰማኋቸው። ምንም አልሆንኩም፤ ደስ ብሎኝ ነው።

«የሐበሻው ልጅ» የሚሉት ታላቅ ወንድሜን ነው። በረሃቡ ከመተማ በእግር ወጥተን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ዳር ከሰፈርን በሁለተኛው ዓመት፣ ከተማው ውስጥ ያለው የግብርና ኮሌጅ ለስደተኛ ከሰጣቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷን እሱ አገኘ። በገባ በወሩ የኮሌጁ ቡድን የቀኝ ተከላካይ ሆነ። የቀኝ ተከላካይ ምን እንደሚሠራ ይህን ከሰው ወደ ሰው የሚዞር ደብተሬን ከምታነቡት መካከል የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ እኔም ድሮ አላውቅም ነበር። የሌላውን ቡድን ፈጣን ልጅ፣ በዚያ በኩል የሚበረውን፣ እንደ ጥላ ተከትሎ ምንም እንዳይሠራ ማድረግ ነው። ወንድሜ ጎበዝ የሆነ ቀን ምንም ነገር አይታይም። ጎል የለም፣ ጭብጨባ የለም። ያ ፈጣን ልጅ ብቻ ተናዶ መሬት ሲረግጥ ታያላችሁ።

ሲጫወት ታዲያ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ነው። ተቃራኒው ፊት ለፊት ሲመጣበት እጁን ከጀርባው ያጣምርና በትከሻውና በወገቡ ብቻ መንገድ ይዘጋበታል። የኮሌጁ ተማሪዎች «ጨዋ ስለሆነ ነው» ይላሉ። አንዱማ የውጭ አገር ተጫዋቾች እንደዚያ ሲያደርጉ ሰምቶ ነው ብሎ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። የተማረው ውሃ ሰልፍ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቦቴ የሚመጣው በሁለት ቀን አንዴ ነበር፤ በእጁ የገፋን ሰው ዘበኛው በአለንጋ ከሰልፉ ያስወጣዋል። ወንድሜ ስለዚህ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እኔንና እናቴን ከፊቱ ያቆመንና በጀርባው ሰዉን ይይዛል። ማንንም አይነካም፤ ማንም ግን አያልፈውም። ጀሪካን ይዤ ከፊቱ የቆምኩት እኔ ነኝ። ይህን ያየሁ እኔ ነኝ።

ቅናቴ ከዚህ ነው የተነሳው፤ ልደብቀው አልፈልግም።

አምና ወንድሜ ሲሮጥ ያየው ሰው «ምን የጠገበ ነው» ይል ነበር። ዘንድሮ ሁሉም ባለቤት ሆነ። ወፍጮ ቤቱ ያሉት ሽማግሌ «ሩጫ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» ይላሉ፤ እሳቸው ራሳቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት። እናቴ የምትሠራበት ሰሊጥ መጋዘን ያሉት አበጣሪ ሴቶች «የኛ ልጅ» ማለት ጀመሩ። እናቴም በጨዋታ ቀን የማሽላውን ገንፎ ለእሱ ታወፍርለትና የእኛን ታቀጥነዋለች። አንድ ቀን ሳህኔን ገፋ ባደርግ፣

«ምን ያስኮርፍሻል?» አለችኝ።

«ምንም።»

«እሱ ይሮጣል። አንቺ ምን ትሮጫለሽ?»

በዚህ ዘመን ገንፎ የቀልድ ነገር አይደለም፤ ግን እውነቱን ለመናገር ከገንፎው ይልቅ ያናደደኝ የባለሱቁ ልጅ ናት።

ባለሱቁ ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድመው ከጎንደር የመጡ እስላም ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ሰፈራችን መግቢያ ላይ ነው። ልጃቸው እኩያዬ ናት። ግቢያቸው ውስጥ ጉድጓድ ስላላቸው ውሃ ሰልፍ ቆማ አታውቅም። እኛ ትቢያ ለብሰን ስንውል እሷ ንጹሕ ሻርፕ ለብሳ ከሱቁ ደጃፍ ትቆማለች። ድሮ ከእኔ ጋር ሰላምታ ብቻ ነበረን። ወንድሜ ኮሌጅ መጫወት ከጀመረ ወዲህ ግን ስኳር ልገዛ በሄድኩ ቁጥር «ወንድምሽ ዛሬ ይጫወታል?» ትለኛለች። «እኔ ምን አውቄ» እላታለሁ። አውቃለሁ እንጂ። ሰዓቱን፣ ሜዳውን፣ ጫማውን ከማን እንደተዋሰ ጭምር አውቃለሁ።

እንግዲህ ዜናው በመጣ ዕለት ኮሌጁ ለደጋፊ አንድ ሎሪ እንደሚሰጥ ተሰማ። ከሾፌሩ ጋቢና ጀርባ ያለው ስፍራ፣ ለስድስት ሰው የሚሆነው፣ ለሴቶች ተተወ። የውሃ ሰልፋችንን የሚቆጣጠሩት ሴትዮ፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው፣

«እንደ ውሃው ነው» አሉ። «ድንጋይ ያስቀመጠ ይሄዳል።»

ቦቴ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ መቆም ስለማይቻል ሰው በራሱ ፈንታ ድንጋይ አሰልፎ ወደ ቤቱ ይገባል። ድንጋዩ ሰውየው ነው። ሁሉም የራሱን ያውቀዋል፤ የእኛ ጥጓ የተሸረፈች የሸክላ ጡብ ናት። ማንም አይጠብቃቸውም፣ ማንም አይነካቸውም። በዚያ ክፉ ዓመት ሰው ሰውን ሲገፋ አይቻለሁ፤ የሰው ድንጋይ ሲነካ ግን አላየሁም።

እኔ ታዲያ ቶሎ ሄጄ ጡባችንን ማስቀመጥ ሲገባኝ፣ ከደስታዬ ብዛት ቤት ለቤት እየዞርኩ ዜናውን አወራ ነበር። የነገርኳቸው ሴቶች «እሰይ» እያሉ ከኋላዬ ድንጋያቸውን ይዘው ይወጣሉ ብዬ አላሰብኩም። ስመለስ ስድስት ድንጋይ ተደርድሯል። ስድስተኛዋ ከወንዝ የተለቀመች የምትመስል፣ የታጠበች ነጭ ድንጋይ ናት፤ ዙሪያዋን ቀይ ክር ታስሮባታል። እንዲህ አድርጎ ድንጋይ የሚያስጌጥ በሕይወቱ ድንጋይ አሰልፎ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። የማን እንደሆነች ሳልጠይቅ ገባኝ።

ሰባተኛ ሆኜ ጡቤን አስቀመጥኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የባለሱቁ ቤተሰብ ለሶላት ሲገባ፣ የእኛዎቹም ሴቶች እሳት ሲያያይዙ፣ ሄጄ ነጯን አንስቼ ሰባተኛ፣ ጡቤን ስድስተኛ አደረግኳት። ሁለት እርምጃ ነው። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ቤት ገባሁ።

በነጋታው ማለዳ ሎሪው መጣ። ተጫዋቾቹ ከኋላ ተሳፍረዋል፤ ወንድሜ ጠርዙ ላይ ተቀምጧል። እቴቴ በከዘራቸው ድንጋዩን አንድ በአንድ እየነኩ ባለቤቱን ያሳፍራሉ። ስድስተኛ ላይ ሲደርሱ ልሳፈር አንድ እግሬን ጎማው ላይ አደረግኩ። የባለሱቁ ልጅ አዲስ ሻርፕ ለብሳ፣ እጇ ላይ በጨርቅ የታሰረ ነገር ይዛ መጣችና ከድንጋይዋ አጠገብ ቆመች።

«እኔ ስድስተኛ የነበርኩ መስሎኝ» አለች።

«ድንጋይ አይሄድም፣ ልጄ» አሉ እቴቴ።

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው በደንብ አልቆጠርኩም» አለችና ሳቅ አለች። ወደ እኔ ቀረበችና ጨርቁን ዘረጋችልኝ። «ቴምር ነው፤ መንገድ ላይ ብሉት። አደራ፣ አንድ ነገር እይልኝ። የኒው ሀልፋው ፈጣን፣ ያ ረጅሙ ልጅ ሲመጣበት ወንድምሽ እጁን ወደ ኋላ የሚያደርገው መቼ እንደሆነ እይልኝ። ልጁ ከመዞሩ በፊት ነው ወይስ ከዞረ በኋላ? ኮሌጁ ሜዳ ሲጫወት ከቤታችን ጣሪያ ላይ ሆኜ እለየዋለሁ ብዬ ነበር፣ ይርቃል።»

ቴምሩን ይዤ ቀረሁ። ለካ ጣሪያ ላይ ወጥታ ታየው ኖሯል። ለካ እሷም ኳሱን አታይም፣ እሱን ነው የምታየው። የእኔ ብቻ የመሰለኝን ነገር ሌላ ሰው ይዞት ሲገኝ እንዴት እንደሚያቃጥል የምታውቁ ታውቃላችሁ። እሱን እንዲህ የምታይ ሰው ቦታ ሰርቄ ልሄድ ግን አልቻልኩም። አንድ እግሬ ጎማው ላይ ነበር። ወረድኩ።

«እቴቴ፣ ድንጋይዋን እኔ ነኝ ያነሳኋት።»

ክላክስ እየነፋ ያጣድፈን የነበረው ሾፌር እንኳ ተወው። ወንድሜ ከላይ አየኝና አንገቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረ። ያን ጊዜ ከሁሉ በላይ የከበደኝ ይሄ ነው።

እቴቴ ከዘራቸውን ጡቤ ላይ አሳርፈው፣ «ድንጋይ ያነሳ ሳምንቱን ሙሉ የሰልፉ ጭራ ነው» አሉ። «ለእናትሽ አንቺው ንገሪያት። እኔ አልነግራትም።»

የባለሱቁ ልጅ ተሳፈረች። ቴምሯን መለስኩላት።

ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ አልጽፍም። ለእናቴ ራሴ ነገርኳት፤ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ የእኛ ጡብ መጨረሻ ስለሆነች ውሃው እየጎደለብን እሷም በእኔ ጥፋት ተጠማች። ሎሪው ሲመለስ ግን መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። የባለሱቁ ልጅ ድምጿ በጩኸት ተዘግቶ ወረደችና በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«ዜሮ ለዜሮ» አለች።

«ረጅሙስ?»

«ወንድምሽ ከያዘው በኋላ ረጅም አልነበረም» አለች። «አጠረ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ራሱ ቀይሩኝ ብሎ ለመነ። ወንድምሽ እጁን ወደ ኋላ የሚያደርገው ደግሞ ልጁ ከመዞሩ በፊት ነው። በልጁ ትከሻ ነው የሚያውቅበት።»

«በትከሻው አይደለም፣ በዳሌው ነው» አልኳት።

«አንቺ አልነበርሽም።»

«ሳልኖርም አውቃለሁ።»

«እሺ፣ በዳሌው ይሁን» አለች፤ ግን እንዳላመነችኝ ፊቷ ላይ ይታያል። እስካሁን እንከራከራለን። እስካሁንም ትንሽ ያቃጥለኛል። በደንብ ታወራዋለች፤ ስታወራው ያልሄድኩበት ጨዋታ ዓይኔ ላይ ይመጣል፣ ይህም ራሱ ያስቀናል።

ወንድሜ ያን ዕለት አላናገረኝም። በማግስቱ ግን የተዋሰውን ጫማ እየጠረገ ሳለ፣

«እታለም» አለኝ።

«አቤት።»

«እኩል ስለወጣን ድጋሚ አለ። ዓርብ፣ እዚሁ። እነሱ ናቸው የሚመጡት።» ጫማውን አገላብጦ አየው። «ያ ደብተርሽ ሰው ያነበው የለ? እዚያ ላይ ጻፊው። ሰው ጥሪ፤ ሰው ሲበዛ እነሱ ይደነግጣሉ።»

ይኸው ጻፍኩት። ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ በኮሌጁ ሜዳ፣ ከሰሊጥ መጋዘኑ ጀርባ ነው። ከሰፈራችን በእግር ይደረሳል፤ ዶካ ከተማ ያላችሁ ጠዋት የሚነሳ ሎሪ ታገኛላችሁ። መግቢያ የሚጠይቅ የለም። ሴቶች በግንቡ ጥላ በኩል እንቀመጣለን፣ ወንድሜ በመጀመሪያው አጋማሽ እዚያ በኩል ይሆናል። እናቶቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። ከእኔ ጎን መቀመጥ የምትፈልጉ በግራዬ ኑ፤ በቀኜ ያለው ቦታ የባለሱቁ ልጅ ነው።