ማሽኑ ከበሮ ሲመታ

ኤምአርአይ ውስጥ ተኝቶ ሲያሸበሽብ ያየሁት ሰው ቢኖር የገዛ ባለቤቴ ናቸው! መሪጌታ ግራ ጎናቸው ድንገት ዝሎባቸው፣ የደብረ ማርቆስ ሐኪሞች ወደ ባሕር ዳር ላኩን። እስክንደርስ እጃቸው መለስ ስላለላቸው "ድኛለሁ፣ አገሬ መልሽኝ" እያሉ አስቸገሩኝ።

"እናቴ፣ ይህ ስትሮክ ነው፤ ገና ይብስባቸው እንደሆነ የሚነግረን የጭንቅላታቸው ፎቶ ነው። እንዳይነቃነቁ ብቻ" አለኝ ዶክተሩ።

ማሽኑ ድም ድም ማለት ሲጀምር፣ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ "ድንግል፣ አደራሽን" እላለሁ። መሪጌታ ለካ ራሳቸውን ግራ ቀኝ እያወዛወዙ ያሸበሽባሉ! ፎቶው ተበላሸ። ቢደገምም ያው ሆነ።

"ምን ላድርግ? ምቱን ስሰማ ሰውነቴ አይታዘዘኝም" አሉ።

ፎቶ የሚያነሳው ባለሙያ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ማይክራፎኑን ለመንኩትና "መሪጌታ! ሁዳዴ ገብቷል ይበሉ፤ ከበሮ የለም!" ብዬ ጮኽኩ። ድርቅ አሉ። ፎቶው እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ!

ዶክተሩ አይቶ "ሊብስባቸው ይችላል፤ የትም አይሄዱም" አለ። እየተቆጡ ተኙ። እውነትም በማግስቱ እጃቸውም አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪሞቹ አጠገባቸው ነበሩና ቶሎ ደረሱላቸው። መንገድ ላይ ብንሆን ኖሮስ?

ከቀናት በኋላ አልጋቸው ሥር ስጸልይ ድም ድም የሚል ሰማሁ። በዚያ በዛለው እጃቸው የአልጋውን ብረት ይመታሉ!

"መሪጌታ፣ ሁዳዴ ነው አላልኩዎትም?" አልኳቸው እንባዬ እየቀደመኝ።

አፋቸውን እንደምንም አላቀቁና፦

"ፋሲካ... ሆነ!"