ሳልለካው ለክቼዋለሁ ያልኩት ሲሊንደር

ባለፈው ሳምንት ለዓመታዊ ምርመራ ሄጄ ደም የቀዳችኝ ነርስ፣ ወረቀቱን ብልቃጡ ላይ ከመለጠፏ በፊት ወደ ዓይኔ አስጠግታ «አንብበውና አንተ መሆንህን ንገረኝ» አለችኝ። ስሜና የልደት ቀኔ ነው። አነበብኩት። ከዚያ እንደገና አነበብኩት። ነርሷ ሳቀችና «ሰው ሁሉ ሳያይ ነው አዎ የሚለኝ» አለች። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። እኔም አንድ ቀን ሳላይ አዎ ብያለሁ። ለማንም አልተናገርኩትም ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከገባሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግሮቭፖርት ባለ መጋዘን ካርቶን ላይ መለያ እለጥፍ ነበር። ወረርሽኙ መጥቶ ሰዓታችን ሲቀነስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አፐር አርሊንግተን አቅራቢያ በሚገኝ የጠላቂዎች ዕቃ መሸጫ ውስጥ የአየር ሲሊንደር መሙላት ጀመርኩ። ኦሃዮ ባሕር የላትም፤ ጠላቂዎች ግን አሏት። ውሃ የሞላባቸው የድሮ የድንጋይ ካባዎች ውስጥ ነው የሚገቡት። እኔ ራሴ ዋና አልችልም።

ዋና ባልችልም ስለ ሲሊንደር ያላነበብኩት ነገር አልነበረም። የሱቁ ባለቤት የዴል መደርደሪያ ላይ ያሉትን መመሪያዎች በምሳ ሰዓት አንድ በአንድ ጨረስኳቸው። የምንተነፍሰው ተራ አየር ሃያ አንድ ከመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። አንዳንድ ጠላቂዎች ውሃ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ለመቆየት ኦክስጅኑ ከዚያ ከፍ ያለ አየር ያስሞላሉ። ነገር ግን ጥልቀቱ ሲጨምር ያው ኦክስጅን መርዝ ይሆናል። ሰውየውን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያንቀጠቅጠዋል፣ መተንፈሻው ከአፉ ይወድቃል፣ እዚያው ይሰምጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሲሊንደር አረንጓዴና ቢጫ ቀለበት ይደረግለታል፤ መለያም ይለጠፍበታል። መለያው ላይ የኦክስጅኑ መጠን፣ ከዚህ በታች አትውረድ የሚለው ጥልቀት፣ የተለካበት ቀንና የለካው ሰው ስም ይጻፋል። ከሁሉም የሚበልጠው ደንብ ደግሞ የመጨረሻው ነው። ሲሊንደሩን ይዞ ውሃ የሚገባው ሰው፣ ራሱ በመሣሪያ ለክቶ መዝገቡ ላይ ይፈርማል። የሞላው ሰው ቃል አይበቃም።

ይህን ደንብ እወደው ነበር። መለያ ትንሽ ከተጣመመ ልጬ እንደገና እለጥፋለሁ። ዴል የጻፈው ሰባት ቁጥር አንድ ከመሰለኝ ተመልሼ አስተካክለዋለሁ። «ፕሮፌሰሩ መጣ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ቀልዱ ደስ ይለኝ ነበር፤ በዚያ ዕድሜዬ ሰው የሚያውቀኝ በጥንቃቄዬ ብቻ ነበር።

ጋሼ ታደሰን ያወቅኳቸው በዚሁ ሱቅ ነው። ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ውሃ አልነኩም። ኮርስ ወስደው የተመለሱት ልጃቸው ሩት ዩኒቨርሲቲ በገባች ጊዜ፣ ከሷ ጋር አብሮ የሚሠራ ነገር ፈልገው ነው። «ቀይ ባሕርን የዋኘሁ ሰውዬ ይኸው በእርጅናዬ ጉድጓድ ገባሁ» ይሉ ነበር። ሩት እዚሁ ነው የተወለደችው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን እንግሊዝኛ ትቀላቅላለች።

ያ ቅዳሜ በሁለተኛው የወረርሽኝ ሰመር፣ በቆሎው ከሰው ቁመት ባለፈበት ሰሞን ነበር። መጋዘን ውስጥ መለያ ቀድሞ ይታተማል፤ ካርቶኑ በኋላ ይመጣል። ያ ልማድ እጄ ላይ ቀርቶ፣ ሱቅም ስገባ መጀመሪያ መለያዎቹን እጽፍ ነበር። የሱቁ ትልልቅ ማጠራቀሚያዎች ሁልጊዜ የሚይዙት ሠላሳ ሁለት ከመቶ ኦክስጅን ነው። ስለዚህ ለጋሼ ታደሰና ለሩት ሁለት ሲሊንደሮች «ሠላሳ ሁለት፣ መቶ አሥራ አንድ ጫማ» ብዬ ጻፍኩ፤ በሜትር ሠላሳ አራት ገደማ ነው። ሞላኋቸው፣ ለጠፍኩ። ለመለካት መሣሪያውን አንስቼ ሳለ ጋሼ ታደሰ ገቡ። ሩት ውጭ መኪና ውስጥ ሆና ጥሩምባ ትነፋለች።

«ያሬድ! ደረሰልኝ?»

«ደርሷል ጋሼ። ይለኩና ይፈርሙ» ብዬ መሣሪያውን ዘረጋሁላቸው።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ኋላ አሉ። «አንተ ለክተኸው የለ? ታዲያ እኔ ምን አድርግ ነው የምትለኝ፣ ልፈትንህ?»

«ደንቡ ነው ጋሼ።»

«ደንቡ ለማይተማመን ሰው ነው። ለክተኸዋል አልለካኸውም?»

መሣሪያው እጄ ላይ ነው። «ገና ነኝ» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ነገር ግን እኚህ ትልቅ ሰው በእኔ ሊመኩ ቆመው፣ መለያው ተለጥፎ፣ ገና አልለካሁትም ለማለት አፈርኩ። ደግሞ ሁልጊዜ ሠላሳ ሁለት ነው።

«ለክቼዋለሁ» አልኩ።

ፈረሙ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ሲሊንደሮቹን ጭነው ሄዱ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንዲት ነጭ አሮጊት መጡ። ያንኑ አየር ሞላሁላቸው። እሳቸው ማንንም አያምኑም፤ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ለኩ። «አርባ» አሉኝ። ተቀብዬ ለካሁ። አርባ። ዞር ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ አየሁ። ዴል ዓርብ ማታ ጥልቅ ለማይወርዱ ጀማሪ ተማሪዎች ማጠራቀሚያውን አርባ ማድረጉን በቀይ ጽፏል። ጠዋት ስገባ ቀና ብዬ አላየሁትም። አርባ ከመቶ የያዘ ሰው ከሰማንያ ጫማ እምብዛም ማለፍ የለበትም። ጋሼ ታደሰ ደግሞ ከሩት ጋር የሚሄዱበት ካባ ውስጥ መቶ አምስት ጫማ ላይ የሰጠመ አውቶቡስ አለ፣ ዛሬ የሹፌሩ ወንበር ላይ ካልተቀመጥኩ ሲሉ ነው የሰነበቱት።

አራት ጊዜ ደወልኩላቸው። አይነሳም። የካባው ቢሮ ስልክ ቁጥር ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ተለጥፎ ነበር። ብደውል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ «ያንን ሰውዬ ውሃ እንዳይገባ አስቁሙልኝ» ማለት ብቻ ነው። ግን የየትኛው ሱቅ ሲሊንደር እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ ዴል ይሰማል፤ ፕሮፌሰሩ ሳይለካ ለጠፈ ይባላል። ስለዚህ አልደወልኩም። «አሁን እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፌ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ልነዳ ተነሳሁ። ከመውጣቴ በፊት «አርባ» የሚል አዲስ መለያ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ቀስ ብዬ ልቀይረው ነበር ያሰብኩት። ስለዚያ ቀን ሳስብ ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝ ኪሴ ውስጥ ያለው ያ ወረቀት ነው።

መንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎ ነው። መስኮቱ ተከፍቶ የታጨደ ሣር ይሸታል፤ እኔ ግን ላብ በላብ ሆኛለሁ። በየመብራቱ ስልኬን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።

ስደርስ ሩት የጋሼ ፒክአፕ ጀርባ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። የመጥለቂያ ልብሷን እስከ ወገቧ ብቻ ነው የለበሰችው። እጇ ላይ ኮርሱን ስትጨርስ የገዛችው ትንሽ መለኪያ አለ።

«ፎርቲ ነው የሚለው» አለችኝ፣ ሰላም ሳትለኝ። «ሁለቱም። ነገርኩት። አላመነኝም። ያሬድ ለክቶታል አለኝ። እኔ አልገባም አልኩ፤ ከሌላ ሰውዬ ጋር ገባ።»

«ከገቡ ስንት ደቂቃ ሆነ?»

«አሥራ አምስት።»

ውሃው ዳር ሄጄ ቆምኩ። አረንጓዴ ነው፣ ፀጥ ያለ ነው። መሀሉ ላይ አረፋ ይፈነዳል። አረፋው እስካለ እየተነፈሱ ነው ማለት ነው። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም። ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ አንድ እርምጃ ወደዚያ ውሃ አላስገቡኝም። ያኔ እንኳን ወደ ቢሮው ሮጬ መጮህ እችል ነበር። ቆሜ አረፋ ቆጠርኩ።

ጋሼ ታደሰ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወጡ። አብሯቸው የገባው ሰውዬ መነጽሩ ውሃ እያስገባ አስቸግሮት፣ ሰባ ጫማ ላይ ተመልሰዋል። አውቶቡሱን አላዩትም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ውይ፣ አንተ ደግሞ ምን እግር ጣለህ?» አሉኝ እየሳቁ። «በል ና፣ ይህችን ልጅ ንገርልኝ። በመሣሪያዋ አርባ ነው ብላ ቀኔን ልታበላሽ ነበር። የባሕር ኃይል ሰውዬ በመጫወቻ ልታስፈራራ!»

ሩት መለኪያውን ሰጠችኝ። መሣሪያው ደህና መሆኑን ለማወቅ ተራ አየር ላይ መያዝ ነው፤ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ ማለት አለበት። ከፈትኩት። ሃያ ነጥብ ዘጠኝ አለ። እሷም ከትከሻዬ ጎን ሆና እያየች ነበር።

«ትንሽ ሳይዛባ አይቀርም» አልኩ።

«አላልኩሽም?» አሉ ጋሼ ታደሰ።

ሩት ቁጥሩን አየች፣ እኔን አየች፣ መለኪያዋን ከእጄ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። 

እኔ ቀጠልኩ። ውሸት አንዴ ከጀመረ ይቀላል። የሲሊንደሮቹ መዝጊያ ቫልቮች ትንሽ አየር ስለሚያስተነፍሱ ነው የመጣሁት፣ ዳግመኛ እንዳይገቡባቸው፣ ይዣቸው ልመለስና ልሙላልዎት አልኩ። ጋሼ ታደሰ ወደ ልጃቸው ዞረው «አየሽ ጥንቃቄ? ለቫልቭ ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ!» አሏት። በሚጥሚጣ የተለወሰ ቱና በዳቦ አምጥተው ነበር፤ ትልቁን ግማሽ ለኔ ሰጡኝ። በላሁት። ሩት አልበላችም።

በመመለሻዬ መንገድ ዳር አቁሜ የሁለቱንም ሲሊንደሮች መለያ ላጥኩ። ሱቅ ስገባ መዝገቡን አስተካከልኩ። ዴል እስከ ዛሬ አያውቅም። በመከር ሥራውን ተውኩት። ሩት ከዚያ ቀን ወዲያ ውሃ አልገባችም፤ ጋሼ ታደሰ በየግብዣው «የልጄ መጫወቻ» እያሉ ያንን ቀን ያወሩታል፣ ሰው ይስቃል፣ እኔም ባለሁበት ጊዜ አብሬ ስቄያለሁ።

ከምርመራው በተመለስኩ ማግስት ደወልኩላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኪሴ ውስጥ የነበረውን ወረቀት ጭምር። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። «የኔስ ግድ የለም፣ ይኸው አለሁ» አሉ። ከዚያ «ግን እኔ ልጄን...» ብለው አልጨረሱትም። ስልኩ ተዘጋ።

ሩት አሁን ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው። እሷም ጋ ደወልኩ። ስጨርስ «ትዌንቲ ፖይንት ናይን» አለች። «አይቼዋለሁ እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማን ሊሰማኝ? ዳዲ ባንተ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር አላየህም?»

ይቅርታ አልኳት። ቃሉ በስልክ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ተሰማኝ። እሷም ተቀብዬሃለሁም አልተቀበልኩህምም አላለችኝም። «ለሱ ነገርከው?» ብላ ጠየቀች።

«ትናንት ነገርኳቸው።»

«ምን አለ?»

«ልጄን ብለው አልጨረሱትም።»

 «ኦኬ» አለች፤ «እንዲጨርሰው ራሱ ኮል ያድርገኝ።»

ይህን የምጽፈው ከዚያ ስድስት ቀን በኋላ ነው። ጋሼ ታደሰ ደውለውላት ይሁን አይሁን አላውቅም። ስልኩን አነሳና ልጠይቃቸው እልና፣ ይህን እንኳ ለመጠየቅ መብት ያለኝ ስለማይመስለኝ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።