የእታገኝ ጣቶችና የዘይቱና ንግሥት

እታገኝ በዘይቱና የቀናችው ቼዝ የሚባል ነገር ቴፒ ከመድረሱ በፊት ነው። ሁለቱም በአንድ መጋዘን፣ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ፤ ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። የእታገኝ ጣት ፈጣን ነው። አፏ ሰው ሲያማ ጣቷ ሥራ አይፈታም፤ ጥቁር ፍሬ ካገኘ ማንሣቱና መሬት ላይ ማስፈንጠሩ አንድ ነው። ግን ምን ያደርጋል፣ ተቆጣጣሪው ከፈለኝ ሲያልፍ «እንዴት ነሽ ዘይቱ?» ይላል እንጂ እሷን ቀና ብሎ አያያትም። ዘይቱና አዲስ ሻሽ ካሰረች እታገኝ «ቀለሙ ይለቃል» ትላለች። ዘይቱና ስታስል እንኳ «ሳሉም ያምርባታል» ብላ ትንጨረጨራለች።

በሰባዎቹ አጋማሽ ለሠራተኛው መዝናኛ ተብሎ ከጅማ አንድ የቼዝ ሣጥን መጣ። ያስመጣው የሒሳብ ክፍሉ በላይነህ ነው። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጠርጥሮ «ዓላማው ምንድን ነው?» ቢለው፣ «ንጉሡን ማጥመድ» አለው። ወዲያው ተፈቀደ። ሁለቱም ወገን የየራሱን ንጉሥ እንደሚጠብቅ በኋላ ሲሰማ ሊቀመንበሩ ቅር ብሎት ነበር አሉ፤ ግን አንዴ ፈርሟል።

ሣጥኑ ሲከፈት ከነጩ ወገን አንድ ወታደር ጎደለ። መንገዱ በልቶታል። በምትኩ ጠርቀም ያለ ጥሬ ቡና አስቀመጡ፤ ቴፒ ላይ ከቡና የተሻለ ምን ወታደር ይገኛል?

ከሥራ በኋላ በላይነህ ያስተምራል። ሴቶቹ የሚያውቁት ዳማ ነውና እየዘለሉ መብላት አምሯቸው አስቸገሩት። ዘይቱና ግን ቶሎ ገባት። «ይህ ወታደር ታስሯል፤ ከቦታው ከተነሣ ከኋላው ያለው ንጉሥ ይጋለጣል» ሲል፣

«እንደ መጋዘኑ ዘበኛ ነዋ!» አለች። «ሽንት ቤት የሄደ ቀን አለቀልን።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እታገኝ አልሳቀችም፤ ቀልዱ ጥሩ ስለነበረ።

በዚያው ሰሞን ጅማ ላይ የሠራተኞች ስፖርት በዓል እንደሚደረግ ተነገረ። ከመጋዘኑ ሴቶች ለቼዝ አንዷ ብቻ ትሄዳለች። እታገኝ ከሚዛን ከተማ ወዲያ አልፋ አታውቅም። ዘይቱና ከጅማ ስትመለስ ዓመት ሙሉ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የምታወራውን አሰበችና እህል አልበላ አላት። በላይነህን ለብቻው ያዘችው።

«ጋሽ በላይነህ፣ አንድ ተንኮል አሳየኝ። ለዚያች ግን እንዳታሳያት።»

ፈረሱን አነሣ። «እዚህ ስታሳርፊው ንጉሡንም ንግሥቷንም ባንዴ ያስፈራራል። ንጉሡ መሸሽ ግድ ነው፤ ንግሥቷን ትበያለሽ። ሹካ ይባላል።»

«አሃ! በአንድ ወሬ ሁለት ቤት መረበሽ ነዋ።»

ገባት። በዚህስ ማን ይስተካከላታል?

በመለያው ውድድር ሌሎቹ በየተራ ተጥለው ሁለቱ ቀሩ። የፍጻሜው ዕለት መጋዘኑ በሰው ጢም ብሏል። ነጩን የያዘችው እታገኝ ናት። ጨዋታው መሐል ላይ ዓይኗ ፈጠጠ፤ የዘይቱና ንጉሥና ንግሥት ለሹካው ተመቻችተው ቆመዋል። ፈረሱን ማንሣት ብቻ ነው የቀራት። ጅማ ገባች ማለት ነው!

ልክ ያኔ ከፈለኝ ከዘይቱና ጀርባ ጎንበስ ብሎ «አይዞሽ ዘይቱ» አላት።

እታገኝ ቀና ብላ አፈጠጠችበት። እጇ ግን ሰሌዳው ላይ ነበር። በሰው እጅ ሲታሽ ከርሞ የጠቆረው የቡና ወታደር ጣቷ ሥር ነው። ጣቷ ማንንም ሳያማክር አነሣውና መሬት ላይ አስፈነጠረው።

«ወታደሯን ጣለችው!» ሰው ተንጫጫ።

«ሕግ ሕግ ነው» አለ በላይነህ። «የነካሽውን ማንቀሳቀስ አለብሽ።»

«አልነካሁትም እኮ፤ ለቀምኩት እንጂ!»

«ተዋት ጋሼ» አለች ዘይቱና፣ ሹካውን ገና አላየችውም። «ውሎዋ እኮ ነው፣ እጇ ለምዶባት ነው። ደስ ያላትን ታንሣ።»

እታገኝ ዝም ብላ ፈረሷን ብታነሣ ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። ግን ከማን አፍ ነው የወጣው?

«ካንቺ ምጽዋት? ሞቼ ነው ቆሜ!» ብላ ከጠረጴዛው ሥር ፍሬውን ፈልጋ አወጣችና አንድ ቤት ወደፊት ገፋችው። ዘይቱና ሰሌዳውን አየች፤ «ውይ!» ብላ ንግሥቷን አሸሸች። የቀረውን አላወራውም፤ ጅማ የሄደችው ዘይቱና ናት።

ስትመለስ የተፈራው ደረሰ። የጅማ መብራት፣ የጅማ ዳቦ፣ የጅማ አስፋልት። እታገኝ አንገቷን ደፍታ ለቀመች፣ ለቀመች፣ መጨረሻ ላይ አልቻለችም።

«ለመሆኑ አሸነፍሽ?»

«ኧረ ወዲያ! በመጀመሪያው ጨዋታ ነው የጣለችኝ፣ አንዲት የአጋሮ ሴት። ሻይዋን እንኳ ጠጥታ አልጨረሰችም።»

እታገኝ ስለት ስትሳል የከረመችው ይህንኑ ነበር። ፈገግታው መጣ፤ ግማሽ ላይ ቆመ። ፊቷ ቀላ።

«ሻይዋን ሳትጨርስ? እኔን አሸንፈሽ ሄደሽ?»

«ምን ላድርግ እታገኝ?»

«ታዲያ እኔ ምን ልባል ነው? ሻይ እስኪፈላ የተሸነፍኩ?»

ሥራ እንዳበቃ ሣጥኑን ራሷ አውጥታ ሰሌዳውን ዘረጋች።

«ተቀመጪ» አለቻት። «ያቺ የአጋሮ ሴት ያደረገችሽን አንድ በአንድ አሳዪኝ።»