የሩዝ በርሜል ውስጥ የገባ ገመድ

አባቴ በቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የድጓ መምህር ነበሩ። ካረፉ ይኼ ሦስተኛ ክረምታቸው ነው። የጻፉት ነገር የለም፤ የሚያውቁትን ሁሉ በቃላቸው ይዘው፣ በቃላቸው አስተምረው ሄዱ። የተረፈን ነገር ቢኖር ተማሪዎቻቸው በየስልካቸው የቀዱት ድምፃቸው ነው። አብዛኛው ተደብቆ የተቀዳ ነው፤ አባቴ ስልክ ሲደቀንባቸው ዜማውን አቁመው ስልኩን ያዩ ነበርና።

እኔ ወረታ ከተማ ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። ዜማ አልተማርኩም። አባቴ በዚህ ተቆጥተውኝ አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ «ይኼኛው እንኳ የመብራት ሥራ ነው የሚሠራ» ብለው ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። ኮምፒዩተርና መብራት ለየቅል መሆናቸውን ላስረዳቸው ብዬ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ እናቴ እኔ ዘንድ መጣች። ይዛ የመጣችው ልብሷን፣ ጥቂት ዕቃ፣ እና እስከ አፉ ያልተፈተገ ሩዝ የሞላ ትልቅ ሰማያዊ በርሜል ነው። በርሜሉን ሳሎን፣ መደርደሪያው አጠገብ አስቀመጥነው፤ ሌላ ቦታ የሚይዘው አልተገኘም። በዚያው ሰሞን ድምፆቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ፣ ዛሬ ራሱ ቄስ የሆነ፣ ወረታ ገበያ በመጣ ቁጥር የጓደኞቹን ስልክና ሚሞሪ ካርድ እየለቀመ ያመጣልኝ ነበር። ሁሉንም እየገለበጥኩ መለስኩ።

ድምፆቹ አንድ ቦታ እንዲቀመጡ፣ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም እናቴ በስልኳ እንድትሰማቸው፣ ተማሪዎቹም ሲመጡ እንዲያዳምጡ ፈለግኩ። ለዚህ የቤት ሰርቨር፣ ፋይል አከማችቶ ለስልኮች የሚያድል ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። አንድ ያገለገለ ትንሽ የቢሮ ኮምፒዩተር ገዛሁ፤ ቁመቱም ውፍረቱም ከአባቴ መዝሙረ ዳዊት ብዙ አይበልጥም። በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሊኑክስ የሚባል ማስኬጃ ሥርዓት ጫንኩበት፤ እሱም ከሁሉ ትንሹን፣ ጌጥ የሌለውን። መስኮት የለው፣ ሥዕል የለው። ጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዝ ትጽፍለታለህ፤ ካልተስማማው ይናገራል፣ ከተስማማው ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ጠባይ ይመቸኛል።

እናቴ ከበስተጀርባዬ ሆና ታይ ነበር። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም በየራሱ ኮንቴይነር ውስጥ እንደሚሠራ ነገርኳት። ኮንቴይነር ታውቃለች፤ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በሚገናኙበት አካባቢ ሱቅ የሆኑ የብረት ኮንቴይነሮች አሉ።

«እንደነሱ ነው» አልኳት። «አንዱ ቢዘጋ ጎረቤቱ ይሸጣል። አንዱ ቢያረጅ ይነሣና በቦታው አዲስ ይተካል።»

«ዕቃውሳ?» አለች። «ሱቁ ሲነሣ ዕቃው የት ይገባል?»

«እሱ ሌላ ነገር ነው» ብዬ አለፍኳት። ሌላ ነገር አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማዳመጫውን ፕሮግራም ላድስ ብዬ አሮጌውን ኮንቴይነር አጥፍቼ አዲስ ተከልኩ፤ ድምፆቹ በሙሉ አብረው ጠፉ። ዕቃውን ሱቁ ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ «እንዳትሳሳቱ» የምላቸው ስሕተት ነው። ደግነቱ ቅጂዎቹ ገና ከባለስልኮቹ እጅ ነበሩ፤ ቄሱን ተለማምጬ እንደገና አስለቀምኩ። እናቴ የጠየቀችኝን ጥያቄ እንዳልረሳች ከፊቷ ያስታውቅ ነበር፤ ግን አልደገመችውም።

ሁለተኛ ጊዜ ደንብ አስያዝኩት። ትንሽ ጥቁር ዲስክ ገዝቼ በአጭር ገመድ ከኮምፒዩተሩ ሳጥን ጋር አገናኘሁ፤ ድምፆቹም፣ ሰርቨሩ እንዴት እንደተዋቀረ የሚገልጸው ፋይልም እዚያ ላይ ተቀመጡ። ኮንቴይነሮቹ ከዲስኩ ላይ ያነባሉ እንጂ የራሳቸው የሆነ ነገር የላቸውም። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት።

«ዕቃው ከሱቁ ውጭ ነው አሁን። ትልቁ ሳጥን ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። አባባ ያሉት እዚህች ጥቁሯ ውስጥ ነው።»

ዲስኩን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ትእዛዜን አስከተልኩ፦ ሳጥኑን ከመብራት እንዳትነቅይ፣ ገመዶቹንም እንዳትነኪ፣ ጨርቅም እንዳታለብሽው። ለተማሪ በምናገርበት ድምፅ ነበር የተናገርኳት። «እሺ» አለች።

የዲስኩ ሁለተኛ ቅጂ እንደሚያስፈልግ አውቅ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ። እስከዚያ ድረስ ቄሱ ስልኩን ለወጠ፣ አንዱ ተማሪ ስልኩን ሸጦ ገዳም ገባ፣ የሌላው ካርድ ተበላሸ። የአባቴ ድምፅ በዓለም ላይ ያለው እኔ ሳሎን፣ መደርደሪያ ላይ ብቻ ሆነ።

ሰርቨሩ ማን ምን እንዳዳመጠ ይመዘግባል። እኔ አላዘዝኩትም፤ እንዲያው አብሮት የመጣ ጠባይ ነው። መዝገቡን ሳይ እናቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንዲቱን ቅጂ ብቻ እንደምትከፍት ተረዳሁ። ከፍቼ ሰማኋት። አባቴ ተማሪ ዜማ እያስቀጸሉ፣ እያሉለት እያስደገሙት ነው። ተማሪው ይስታል፤ አባቴ «ድገመው» ይላሉ። ይደግማል፤ ደግሞ ይስታል። «ድገመው።» ከዚያ ያስላቸዋል፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አንች! እስቲ ውሃ» ይላሉ። ከሩቅ የእናቴ ድምፅ «መጣሁ!» ይላል። ዝምታ ይከተላል፣ ጥጃ ይጮኻል፣ ተማሪው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ቅጂው ያበቃል።

በዜማ በኩል የማትረባ ቅጂ ነበረች። ቅጂዎቹን ላጸዳ፣ ሳሉንና የከብቱን ጩኸት፣ ባዶውንም ጊዜ ላስወጣ አስቤ ነበር። ይኼንን ለእናቴ ስነግራት ሩዝ የምታነፍስበትን ሰፌድ አስቀመጠች።

«ያችን እንዳትነካት» አለችኝ። የትኛዋን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም ነበር፣ አልጠየቅኳትም።

ነሐሴ ላይ አንድ ጓደኛዬ ይፋግ ከተማ ካለው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ደወለልኝ፤ ማሽኑ ወረቀት መዋጥ ጀምሮበታል። ጠዋት ሄድኩ። ሜዳው በሙሉ ውሃ ነበር፤ ሩዙ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ ወረደ፤ ቆርቆሮው ሥር መነጋገር እስኪያቅተን ድረስ ነበር የወረደው። ማሽኑን ጨርሼ፣ ሚኒባስ ጠብቄ፣ ወረታ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

ከግቢው በር ላይ ስልኬ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ተገናኘ። ልማድ ሆኖብኝ ሰርቨሩን ነካሁት፤ አልመለሰም። ገባሁ። ከኮርኒሱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፤ እናቴ ከሥሩ ሳፋ ደቅናለች። መደርደሪያው ባዶ ነው። የሳጥኑ ገመድ ግን ከግድግዳው ሶኬት ተነሥቶ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ ሰማያዊው በርሜል ክዳን ሥር ይገባል።

ክዳኑን ከፈትኩት። ሩዙ ሞቆ ነበር። ከውስጡ የተጠበሰ ነገር ይሸታል።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ጣራው አፈሰሰበት» አለች እናቴ። «ስልክ ውሃ ሲነካው ሩዝ ውስጥ አይደል የሚጨመር? የጎረቤታችን ስልክ እንዲያ አይደል የዳነ?»

ይኼ ሙያ በፎገራ ሜዳ የማያውቀው የለም። ሩዙ አለ፣ ስልኩ አለ፣ ውሃውም አለ። እኔም ራሴ አድርጌዋለሁ።

«መብራቱን ሳትነቅይ?»

«እንዳትነቅይው ብለኸኝ የለም ወይ! አልነቀልሁትም። ጨርቅም አላለበስሁትም።»

ያልኳትን ሁሉ ፈጽማለች። የሚሠራ ማሽን፣ መብራቱ እየበራ፣ ማራገቢያው ሩዝ ጎርሶ፣ ሩዝ ውስጥ ከቀትር ጀምሮ ተቀብሯል። ጮኽኩ። «እማዬ፣ ይኼ እኮ ስልክ አይደለም! አየር ነው የሚፈልግ! ምነው ባልነካሽው! ምነው እንዲያው ቁጭ ባልሽ!» ሌላም ብያለሁ፤ አሁን መጻፍ አልፈልግም። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽኩ። እናቴ እጇን አጣምራ ቆመች።

ሳጥኑን ሳወጣው ጣቴን አቃጠለኝ። ወለሉ ላይ ጣልኩት። የዲስኩ ገመድ አብሮት አልመጣም። ተመልሼ እጄን እስከ ክርኔ ሩዙ ውስጥ ከተትኩ፣ አማሰልኩ፣ ምንም የለም። ጩኸቴ ያኔ ቆመ። 

«ጥቁሯስ?» አልኩ። «ጥቁሯ የት አለች?»

እናቴ ፊቷን መለስ አድርጋ እጇን በጉያዋ ሰደደች፤ በሻሽ የተጠቀለለች ነገር አውጥታ ዘረጋችልኝ። ዲስኩ ነበር። ደረቅ ነው። ገላዋ ላይ ስለዋለ ሞቅ ብሏል።

«ይችንስ ነቀልኋት። እንዳትነኪ ብለህ ነበር፣ አውቃለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን...»

«አባትህን ሁለተኛ አልቀብራቸውም።»

 ሳፋው ሞልቶ ነበርና አንሥቼ ደጅ ደፋሁት። ይቅርታ ልጠይቃት ይገባ ነበር፤ በዚያ ቀን አልጠየቅኳትም። አፈርኩ፣ እፍረቴም እንደ ኩርፊያ አደረገኝ። ማታ ያቀረበችልኝን ራት በልቼ ተኛሁ።

ሳጥኑ አልተነሣም። ከፍቼ አየሁት፤ የሩዝ ገለባ ማራገቢያውን አንቆት ነበር። ከሳምንት በኋላ ሌላ ያገለገለ ኮምፒዩተር አገኘሁ። ጣራውን አስጠግኜ፣ መደርደሪያውን ከበርሜሉ አርቄ፣ እንደገና ጫንኩ። በፊት ቀናት የፈጀብኝ ሥራ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ሻይ ሳይደርስ አለቀ፤ ሥርዓቱ በሙሉ ዲስኩ ላይ ተጽፎ ስለነበር ኮንቴይነሮቹ እሱን አንብበው በየቦታቸው ቆሙ። ዲስኩን ከመሰካቴ በፊት ግን አመንትቻለሁ። እንዲያ በድንገት የተነቀለ ዲስክ ውስጡ ሊበላሽ ይችላል። አስፈተሽኩት፤ ጥቂት አርሞ ዝም አለ።

እናቴ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ሰፌድ ላይ ሩዝ ትለቅማለች። አልጠራኋትም። ስፒከሩን ከፍቼ ያችን ቅጂ ነካሁ።

«ድገመው» አሉ አባቴ። የእናቴ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ተማሪው ደገመ፣ ሳተ። «ድገመው።» ሳላቸው መጣ። «አንች! እስቲ ውሃ።» «መጣሁ!» ከዚያ ዝምታው፣ ጥጃው፣ ጉሮሮው፤ አበቃ።

«እማዬ፣ የዚያን ዕለት ስለጮኽኩብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

የሰማችኝ አልመሰለኝም። ዓይኗ ስፒከሩ ላይ ነበር።

«አላመጣሁላቸውም» አለች።

«ምኑን?»

«ውሃውን። መጣሁ አልሁ። ጥጃው ተፈትቶ ላሟን ሲጠባ አየሁትና እሱን ላስር ሄድሁ። ከዚያ ረሳሁት። እሳቸውም ዳግም አልጠየቁኝም፤ ጉሮሯቸው ደርቆ አስተምረው ተነሡ። እኔ እንደሁ ትዝም አላለኝ፣ ይኸ ድምፅ እስኪመጣ ድረስ።»

ያ ባዶ ጊዜ ስንት ሰከንድ እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ልቆርጠው ለክቼው ነበር። ውሃው ይመጣ እንደሆን በየቀኑ ስትጠብቅበት እንደኖረች ግን አላወቅኩም።

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደች።

«ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩት።