ዛሬስ አልወሰደችም

ሪያድ ሥራ የገባሁ ቀን ማዳም ከስሜ በፊት ሻንጣዬን ጠየቀችኝ። ሪያድ የምላችሁ የካርቱሙን ሰፈር ነው እንጂ የሳዑዲውን አይደለም። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። በር ላይ ቆሜያለሁ፣ የመንገዱ ላብ እንኳ አልደረቀልኝም። እቃዬን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው፤ ሁለት ቀሚስ፣ ሻሽ፣ ማበጠሪያ፣ እናቴ የቋጠረችልኝ በሶ። በሶውን ፈትታ አሸተተችው። "ስትወጪ ምን ይዘሽ እንደምትወጪ እንዳውቅ ነው" አለች። ያኔ አረብኛ አልገባኝም፤ ያመጣኝ ደላላ እየሳቀ ተረጎመልኝ። ምን እንዳሳቀው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በዚያ ቤት ማዕረግ አለ። ከላይ ሾፌሩ፣ ቀጥሎ ዘበኛው፣ ቀጥሎ ኩሽና የምትሠራዋ፣ ከሁሉ በታች ጠራጊዋ። ጠራጊ ግቢውን ውሃ ረጭታ ትጠርጋለች፣ ወለል ትወለውላለች፣ የአባወራውን ጀለቢያ ትተኩሳለች። የአቧራው ማዕበል፣ ሀቡብ የሚሉት፣ የመጣ ቀን ደግሞ ሁሉንም እንደገና ትጀምራለች። ስሙን አታንሱብኝ! እኔ ከዚያ ተነስቼ ኩሽና እስክደርስ ወገቤ አልቋል።

ስኳሩ ይቆለፋል። የዘይቱ ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረጋል። ዓርብ ለእረፍት ስንወጣ ሻንጣችን በር ላይ ይከፈታል። ለአዲስ ልጆች ሁሉ የምላቸው አንድ ነገር ነበር፤ "ሳትጠየቂ ክፈቺ። ተጠይቀሽ ከከፈትሽ የደበቅሽ ትመስያለሽ።"

ማዳም ክፉ ሴት ነበረች ብል ውሸት ነው። ስታመም መድኃኒት ትገዛልኛለች፣ ለዒድ ታለብሰኛለች። ብቻ ሐበሻ ሠራተኛ ይሰርቃል ብላ ታምናለች። እናቷም እንደዚያው ታምን ነበር፣ ጎረቤቶቿም። ማንም ተከራክሯቸው አያውቅም።

ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለው፣ የካርቱምን መንገድ ማጨናነቅ በጀመረበት ጊዜ የወንድሜ ልጅ ከድጃ ከወሎ መጣች። ወንድሜ በሰው የላከብኝ ቃል አጭር ነው፤ "ገንዘብ ባትልክ ግድ የለም። እንደሄደች ትመለስልኝ።" እዚያው ቤት ጠራጊ አድርጌ አስገባኋት። በዓይኔ ሥር ትሁን ብዬ ነው።

ከድጃ እውነተኛ ነበረች፤ እውነተኛነቷ እስኪያናድድ ድረስ። አንድ ቀን ብርጭቆ ሰበረች። ማንም አላያትም። ስብርባሪውን በእጇ ለቅማ ወስዳ ለማዳም አሳየቻት! እኔ ኩሽና ሆኜ "አይ ሞኟ ልጅ" እላለሁ። ማዳም ስብርባሪውን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ "ሌላስ ምን ሰብረሻል?" አለቻት። ከድጃ ወደኔ መጥታ "አክስቴ፣ ምን ማለቷ ነው?" አለችኝ።

የማዳም ልጅ ልታገባ ሆነ። ሱዳኖች ለሙሽራ ኹምራ የሚባል ወፍራም ሽቶ ያዘጋጃሉ፤ ሴቶች ተሰብስበው ነው የሚቀምሙት፣ ሽታው ልብስ ከያዘ አይለቅም። የሙሽራዋን ልብስ የማጠቡና የመተኮሱ ሥራ ለከድጃ ተሰጠ። ሠርጉ ሲቃረብ አንዱ የኹምራ ጠርሙስ ጠፋ።

ቤቱ በዘመድ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማዳም ግን ግቢ ውስጥ ያቆመችው እኔንና ከድጃን ብቻ ነው። ቀረብ አለችና የከድጃን ሻሽ ሳብ አድርጋ አሸተተች።

"ይሄው! ወላሂ ሸተተች!"

"ማዳም፣ የሙሽራዋን ልብስ ስታጥብ የምትውለው እሷ አይደለችም እንዴ? ታዲያ ምን ምን ልትሸት ነው?" አልኩ። ደሜ ፈልቷል።

"አንቺ ዝም በይ። ዘመድሽ ናት።"

ሴቶቹ የከድጃን ፀጉር አስፈቱ፣ ፍራሿን ቀደዱ። ምንም የለም። ፖሊስ ተጠራ። የመጣው አሥር አለቃ "ወሰድሽ ወይ?" ብሎ እንኳ አልጠየቃትም። "የት ሸጥሽው?" ነው ያላት። ከድጃ "ምኑን?" ስትለው በጥፊ መታት። ጣቢያ ወስደው አሳደሯት።

በማግስቱ የሙሽራዋ አክስት ከኦምዱርማን መጣች፣ ጠርሙሱን በእጇ ይዛ። ምስክ የሚሉትን ሽቶ ልትጨምርበት ወስዳው ኖሯል። ሴቶቹ ተሳሳቁ፣ እልል አሉ። አባወራው ስልክ ደውሎ ከድጃን አስፈታት። አንድ ጉንጯ አብጦ፣ በባዶ እግሯ ገባች። ማዳም ከላይ እስከ ታች አየቻትና ወደኔ ዞራ "እንግዲህ ዛሬስ አልወሰደችም" አለች።

እኔ "ማሌሽ" ትላለች ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ካርቱም ውስጥ ሀፍላ በሚሉት ሚኒባስ ላይ እግርህን የረገጠ ሰው እንኳ የሚላት የይቅርታ ቃል ናት። አላለችም። ከድጃ ወደ መተኮሻው ሄደች።

ዓርብ ካላክላ የሚባለው ሰፈር ወረድን። ከሌሎች ልጆች ጋር የተከራየናት ክፍል ነበረች። ወሬው ቀድሞን ልጆቹ ዘንድ ደርሷል። "እና በባዶ እጅሽ ነው ጣቢያ ያደርሽው? ምነው እንኳ አንድ ነገር በያዝሽ!" ብለው ተንከተከቱ። ደላላውን ጠርቼ ሌላ ቤት ፈልግላት አልኩት።

"ጣቢያ ለገባች ልጅ ቤት አላገኝም" አለኝ።

"አልወሰደችም እኮ! ዕቃው ተገኝቷል!"

"አውቃለሁ፣ አልወሰደችም። ግን ገብታለች።"

እዚያው ቤት ቀረች። ከዚያ በኋላ ሻንጣዋን ራሷ መክፈት ተወች። ማዳም ትከፍተዋለች፣ እሷ ግድግዳ ታያለች።

ወራት አለፉ። አንድ ዓርብ ካላክላ የከድጃን ፍራሽ ላራግፍ ሳነሳ ከሥሩ አንድ ቋጠሮ አገኘሁ። ስፈታው የሻይ ማንኪያ፣ አንድ እግር የሕፃን ካልሲ፣ የተሰበረ ማበጠሪያ፣ ባዶ የሽቶ ጠርሙስ። ማንም የማይገዛው ኮተት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የማዳም ነው። በቀሚሴ ሥር ይዤው ነው የምወጣው።"

"ምን ይሠራልሻል?"

"ምንም።"

"ታዲያ ምን ልሁን ብለሽ ነው፣ አንቺ ልጅ?"

ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም። "አክስቴ፣ ባዶ ሻንጣ ይዤ እዚያ በር ላይ ስደርስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምንም ሳልይዝ! አሁን የምፈራበት አለኝ። ይሻለኛል።"

አለቀስኩ። ኋላም መታኋት፣ ከዚያ አቅፌያት አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

ብዙም ሳይቆይ ማዳም ማንኪያ አገኘችባት። ያን ቀን የማዳምን ፊት ብታዩት! የተቆጣች እንዳይመስላችሁ። ስንት ዓመት የከበዳት ሸክም የወረደላት መሰለች። ጎረቤቶቿን በስልክ ጠራች፣ ሻይ አስፈላች፣ "አልነገርኳችሁም?" አለች ደጋግማ። ፖሊስ አልጠራችም። የከድጃን ደመወዝ ሳታጓድል ሰጠቻት፣ ለረክሻ ጨመረችላት፣ "አላህ ይምራሽ" ብላ ሸኘቻት። በዚያ ቤት ለከድጃ ደግ ቃል ሲነገራት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከድጃ ኦምዱርማን ተሻገረች። ከቤት ቤት ትዞራለች፤ ትገባለች፣ ትወስዳለች፣ ትወጣለች። አሁን የምትወስደው ኮተት አይደለም። አንዴ ልትጠይቀኝ መጥታ አንዷን አሠሪዋን እንዴት እንዳታለለቻት እየሳቀች አወራችልኝ። ሳቋን ጠላሁት። ወንድሜ በስልክ "ልጄ እንዴት ናት?" ሲለኝ "ደህና ናት" እላለሁ።

በእሷ ቦታ ሌላ ልጅ ገባች፣ እሷም የኛው አገር ልጅ። ማዳም የመጀመሪያ ቀን "ከአንቺ በፊት የነበረችው ሰርቃኛለች" አለቻት። ቀና ብዬ አየኋት። ውሸት ነው ልላት ነበር፣ ግን እውነቷን ነው። ስንት ዓመት በሐሰት ስትለው የኖረችው ነገር አሁን እውነት ሆኗል። ጥቂት ዓመት ቆይቼ፣ ወገቤ እምቢ ሲል፣ ሥራውን ተውኩት።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ ልጆች የማውቀው ይሄ ነው። ሌባ የሚፈልግ ቤት እስኪያገኝ ድረስ መፈለጉን አይተውም። ከብዙዎቻችን አንዷ የሚፈልገውን ሌባ ትሰጠዋለች። ከዚያ በኋላ የምትመጣው ልጅ የምትፈተሸው እንደ በፊቱ በሐሰት ሳይሆን በእውነት ነው።